ምትክ

ሰኔ ነው፣ ሱ ፎልስ። ሣሩ አልጠብቅ ብሎ
ከሁለት ዝናብ ወዲህ ቁርጭምጭሚት አክሎ፣
በወይዘሮ ሊንድክዊስት ጓሮ፣ መሀል ለመሀል፣
ማጨጃው ቆመብኝ። ሞተሩ ይሠራል፣
ምላጩ ዝም ብሏል።
ጎንበስ ብዬ ባየው ቺንጋው ተበጥሷል፣
የጎማ ጭስ ሸቷል።

ቡሎኑን ፈታሁት፤ ዳዶውን ሣር በላው ብዬ
ስዳብስ ቆየሁኝ፣ በግንባሬ ተደፍቼ፣ ልክ እንደ ጸሎተኛ፤
ኪሴ ውስጥ ተኝቷል፣ ያ ቀልደኛ፣ ያ ምቀኛ።

ዱዌን ሁለት ቺንጋ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፤
አንዱ ከነስሙ፣ ሌላው ከነዋጋ።
"ይሄ የፋብሪካው ነው፣ ስልሳ አራት ዶላር፤
ያ ደግሞ አስራ ዘጠኝ። ልዩነቱን ንገር
ብትለኝ፣ አላውቅም፤
እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ቺንጋ ሆኜ አልኖርኩም።"

ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለቱም ዞረው ዞረው
ራሳቸው ላይ ይገጥማሉ፤ አንድ ነው ቁጥራቸው።
ልዩነት ካለ ውስጥ ነው፣ ክሩ ጋ፣ ዐይን ከማይደርስበት፤
የሚታወቀውም ሲበጠስ ነው፣ ያኔ ደግሞ ምን ሊረባ ማወቅ ማለት?

ካቻምና ከርካሹ ምላጭ ገዝቼ ነበር፤
ሁለት በጋ አጨደ፣ ሥር ሲመታ፣ ጠጠር ሲመታ፣ ሳያማርር።
ግንቦት ላይ የገዛሁት ፊልትሮ ግን በልኩ ስላልሆነ
በጠርዙ አቧራ አስገባ፤ ሞተሩ ሳለ፣ ሰለለ፣ ባከነ።
እንግዲህ ተረት አይሠራም። "ርካሽ ያጸጽታል" ለሚለኝ
ምላጩ ምስክር አለኝ፤
"ስም ብቻ ነው የምትከፍለው" ለሚለኝም
ፊልትሮው አልሞተም።

ዱዌን እስክሪብቶ አነሣ፦ "ለደረሰኙ፣ ስምህ ማን ነው?"
"ምትኩ።"
"ትርጉም አለው?"

ከኔ በፊት አንድ ልጅ ነበረ፣
በኩፍኝ የሄደ፣ ሁለት ዓመት ያልኖረ፣
ፎቶ እንኳ ያልቀረለት።
እናቴ እኔን ወልዳ፣
በሱ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሱ ቦታ አስተኝታ፣
ስም አወጣችልኝ፦ የእሱ ፈንታ።
ሰው ሲጠራኝ ዛሬም
ቀድሞኝ ዞር የሚል አለ፤ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም።

"ቅያሪ ማለት ነው" አልኩት።
ዱዌን ሊስቅ ጀመረና ሳቁን አቆመው።
"ታዲያ ገጠምክ?"
"ምኑ?"
"ልክ ሆንክ ወይ?"
"እንጃ፤ እስካሁን አልተበጠስኩም።"

አስራ ዘጠኙን አነሣሁ። ቁጠባ ነው አልልም፤
ወገንተኝነት ነው፣ አላፍርም።

ተመልሼ ስገጥም ወይዘሮ ሊንድክዊስት
በረንዳው ላይ ወጡ፣ ከዘራቸውን ትተውት።
ማጨጃው የባላቸው ነበር። ሃርላን ሲሞት ለኔ ሰጡኝ፣
ጓሯቸውን በነፃ እንዳጭድ ተስማምተን።
ሃርላን ካንዴላ ሳይቀር ከፋብሪካው ነበር የሚያስመጣ፤
ደረሰኙ አሁንም በመሳቢያ ሞልቷል፣
ወንበሩም አሁንም በሱ ገላ ልክ ጎድጉዷል።

"ኦርጅናል ነው?" አሉኝ።
"አይደለም።"
ጉልበታቸውን በጣታቸው ቆረቆሩት፣ እንደ በር፦
"ይሄም አይደለም። ጥር ላይ ነው ያስገቡልኝ፤
ደረጃ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ግን
ከኔ ቀድሞ ያውቃል።"

ሃርላን ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ቁልፉን አዞርኩት።
ምላጩ ተነሣ። ከቆመበት መስመር፣
አጭሩና ረጅሙ ሣር ከሚለያዩበት፣
ቀጠልኩ ወደ አጥሩ፣ ጆሮዬን ቺንጋው ላይ ጥዬ።
ቀጭን ድምፅ አለው፤ ማፏጨት ይሁን ማቃሰት
አልለየሁም እስካሁን።
ሦስት ግቢ ይቀረኛል ከምሽት በፊት።