ነጠላ ክር

መኪና ግርግር፣ ሦስተኛው ደጃፍ፣
አባቴ አው ዩኒስ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ፤
ለመርፌው ክር አጉራሹ እኔ ነበርሁ።
ያኔ ለኔ መስከረም ነው፤ «አብዮት» ሲሉት ኋላ ነው የሰማሁ።

ጧት አሥር አለቃ ገልገሎ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
«እነዚህን አንበሶች ቁረጥልኝ» አለ፣ በሩን በጀርባው ከልሎ።
«አባቴ ጨርጨር ላይ ጭሰኛ፤ ካረሰው ግማሹ የጌታ፣
ቀሪውን ከጃርት የሚጠብቅ ማታ ማታ።
ይህን ደረቴ ላይ ደርድሬ
ምን ብዬ ልግባ አገሬ?»
አባቴ ስምንቱንም አዝራር ቆረጠ። ግን አልጣላቸውም፤
በወተት ቆርቆሮ ከደናቸው፤ «ዘመን» አለ፣ «አይታወቅም።»

ከቀትር በኋላ ባላምባራስ ይርዳው፣
በቅሏቸውን ፈረስ መጋላ አስረው።
«አዝራሬ ላልቷል» አሉ፤ «በድርብ ክር አጥብቀው።
ሰው ሲላላ ደስ የሚለው በዝቷል፤ እንዳያየው።
አባቴ ከመንዝ በእግሩ መጥቶ የተቀበረው እዚሁ፤
ንጉሡ ከወረዱ እኔ የየት አገር ሰው ልሁ?»
ልጃቸው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ መውጣቱን አልነገሩን፤
እኛም ያልሰማን መስለን ተቀበልናቸው ኮቱን።

ዋጋው ለሁለቱም ስሙኒ፤ ያው ወንበር፣ ያው መብራት።
አባቴ ምንም አልተናገረ፤ መኪናዋን ዘይት ጠብ አረገላት።

«ከማን ወገን ነበር?» ሲሉኝ ዛሬም ዝም እላለሁ።
ያን ዕለት መርፌውን ያጎረስሁት ግን እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ፤
ድርብ ባሉት፣ በባላምባራስ ደረት፣
ነጠላ ነበር ያለፈበት።