በእርሳስ

ከኩሽናው በር ጎን፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ዝቅ ብሎ፣
ግድግዳው ላይ አለ የጋዛችን መዝገብ በእርሳስ ተቀጥሎ፤
የተከፈተበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን፣
ሁለቱን ቀናንሼ የሚቀረውን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል ስሠራ
ምስማር ቆጥሬያለሁ አንድ በአንድ በተራ።
ዛሬ ጡረታ ነኝ፤ ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት፣
የቀረችኝ ግምጃ ቤት አንዲት ሲሊንደር ናት።

መብራት እንደ እንግዳ ደርሶ ስለሚሄድ
ሽሮውም ሻዩም በጋዝ ነው የሚጣድ።
ሲሰላ እንዲህ ነው፦
ጋዙ ሁለት ሺህ ከአራት መቶ፣
የላዳው፣ ከሜክሲኮ እዚህ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ያውም ስንት ተሟግቶ፣
ደረጃ ለሚያወጣው ልጅ አንድ መቶ።
ይደመር። ለሃምሳ ሰባት ቀን ይካፈል።
ሃምሳ ብር በቀን። እሳት ሲቸረቸር ዋጋው ይህን ያህል።

«ሻይ አንዴ ሲፈላ ስንት ነው?» እላለሁ፤
ሰዓቴን ይዤ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤
ዘርፌ ክዳን ስትረሳ፣ ድስቱ አፉን ከፍቶ፣
ሳንቲም ሲተን ይታየኛል ከእንፋሎቱ ወጥቶ።
«አንተ ሰውዬ» ትላለች፣ «ወጡ ይብሰልበት፤
ለምስሩ ደግሞ ደረሰኝ ልቁረጥለት?»

ታዲያ ያለፈችው፣ በጥቅምት የገባች፣
በአርባ ስምንት ቀኗ ጭጭ ብላ አለቀች።
ሰማያዊው እሳት ቢጫ ሆነ፣ ሳለ፣
ሁለቴ ትፍ ብሎ ከድስቱ ሥር የለ።
ዘጠኝ ቀን ጎደለ።
የዘጠኝ ቀን እሳት ወዴት ኮበለለ?

ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀባሁት፤
አልተነፈሰም። ማሰሪያውን አጠበቅሁት።
ከዚያ ተጠራጠርኩ። ጎረቤትን፣ ሻጭን፣ ተሸካሚውን ልጅ፣
አንድ ሌሊት ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የዘርፌን እጅ፤
ስሟን በልቤ ሁለቴ አነበብኩት፣ ዘርፌ፣ ዘርፌ፣
አፈርኩ፤ ዞሬ ተኛሁ ትራሴን አቅፌ።

አዲሷ ስትመጣ ከደረጃው በታች አስቆምኳት፤
ሽንኩርት ሻጩ ሙዘይን ሚዛኑ ላይ ጫናት።
አንገቷ ላይ ብረቱ ተቀርጿል፦ ባዶዋን አሥራ ሦስት፤
ጋዟ ደግሞ አሥራ ሁለት ተኩል መሆን አለበት።
ሙዘይን ዓይኑን አጠበበ፤ እኔም አጎነበስኩ።
ሃያ አራት ተኩል።
ደግሜ አስመዘንኩ።
«አንድ ኪሎ! ጋሼ፣ ይህ በሽንኩርት ቢሆን
እኔ ታስሬ ነበር እስካሁን።»

አንድ ኪሎ ማለት አራት ቀን ተኩል ነው፤
ግማሹ ሌባዬ ተያዘ። የቀረው አራት ቀን ተኩልስ የት ነው?

ያን ሰሞን ሌሊት ላይ ውሃ ጠማኝና
ብነሳ፣ መብራት የለም፤ ኩሽናው ውስጥ ግን ሰማያዊ ፋና።
ዘርፌ ቆማለች ነጠላዋን ደርባ፤
አጠገቧ ኢክራም፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ አራስ ልጇን አዝላ፣
ጡጦው በትንሿ ድስት ውስጥ ይንከባለላል።
«ቀስ በይ» ትላታለች፣ «እሱ ከሰማ ይደምራል።»
ውሃዬን ሳልጠጣ፣ እግሬን እየሰበሰብኩ፣
በመጣሁበት ጨለማ ተመለስኩ።

በማግስቱ መነጽሬን አድርጌ ግድግዳውን አየሁት፤
ከቁጥሮቼ በታች፣ ወለሉ ጥግ፣ እስከዛሬ እንዴት ሳትኩት?
ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፣ አምስተኛዋ አግድም፣
በዓይን ኩል እርሳስ፤ ያለ ቀን፣ ያለ ስም።
ሠላሳ አንድ ሌሊት። ለሰባት ሲካፈል
አራት ቀን ተኩል ነው፤ ትንሽ ብቻ ሲጎድል።

ለካ መዝገብ ያዥ ሁለት ነን እዚህ ቤት።
ንብረት ክፍል ብሆን እጽፍ ነበር፦ «ብልሽት»፣
ወይም «ጉድለት»። ሁለቱንም አፌ ላይ ሞከርኳቸው፤
እንደ ሌላ ሰው ጥርስ አልገጠሙ አልኳቸው።

ዘርፌን አልጠየቅኋትም። እርሳሴን ቀረጽኩ፣
ከጭረቶቹ ሥር፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።
ኩል ውድ ነው ዘንድሮ።
ዋጋውን ጠይቄያለሁ።