የውሃ ልክ

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ ቢሮ ቁጥር አራት፣
አንድ ቅጽ መጣልኝ፣ አርብ ባሥራ አንድ ሰዓት።
"ክፍት ያደረጋችሁት መረጃችሁ ሁሉ
ምን ለውጥ አመጣ? በየሣጥኑ ሙሉ።
ስንት ሰው ጎበኘው? ስንት ሰው ጠቀሰው?
ስንት ጊዜ ወረደ? በቁጥር ግለጸው።"

የሠላሳ አንድ ዓመት የሐይቁ ከፍታ፣
በእርሳስ የተጻፈ ጠዋትና ማታ፣
ሣጥን ውስጥ ነበረ፣ ሣጥኑም በቁልፍ፣
ቁልፉም ሹም ሲለወጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ።
አምና ነው በነጻ ለዓለም የወጣ፤
ሣጥኑ ሲነሣ አንድ ጊንጥ አብሮ መጣ።

ቆጠርኩ። አራት መቶ ሃምሳ ሁለት ጊዜ
ወርዷል ይላል ማሽኑ።
ግማሹ እኔው ነኝ፣ የማጣራት አባዜ።
ጠቃሾቹ ሁለት። አንዱ፣ በሩቅ አገር፣
የሐይቁን ስም ስቶ "ጣና" ብሎት ነበር።
"ለውጥ" በሚለው ሣጥን ምን ልሙላ? ጨነቀኝ።
ለኪው ያውቅ ይሆናል፤ የሰኞ ሚኒባስ ሐይቅ ወስዶ ጣለኝ።

ጋሽ እንድሪስ አበጋዝ ሱሪውን ሰብስቦ
ቆሟል ውሃው ውስጥ፣ ከዘንጉ ቀርቦ፤
ቀለሙ የለቀቀ፣ ቁጥሩ የነተበ
ብረት ነው፤ እሱ ግን በጣቱ አነበበ።
ክፍያው፣ እንደነገረኝ፣ የአንድ ጫማ ዋጋ፤
ጫማ ግን አያሻውም ክረምት ከበጋ።

ሰላምታ ሳላስቀድም፣ ያን ያህል ተጉዤ፣
"ስንት ጊዜ ወረደ?" አልኩት፣ ቅጹን ይዤ።
"ውሃው ነው?" አለና ዓይኑን አሻቀበ፤
"በየበጋው ወርዷል። ክረምት ሲመጣ ግን መልሶ ደረበ።
ብቻ ወረደን ነው የምትቆጥር፣ ልጄ?
የወጣውን ጨምር፤ ሁለቱንም ጽፏል ይኸ እጄ።"

ሳቅኩ። ስልኬን አውጥቼ ፋይሉን ከፈትኩለት።
አይቶት አያውቅም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት
የላከው ቁጥር ሁሉ የት እንደሚገባ
ነግሮት የሚያውቅ የለም። ጠበቅሁኝ፣ ዕንባ።
እሱ ግን መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ
ወረደ፣ ወረደና፣ በጣቱ ፈልጎ፣
አንድ ረድፍ ላይ ቆመ።
"ይኼ ሐሰት" አለ።
"የዘጠና አንድ ሐምሌ፣ ሦስት ቀን የዋለ፣
እኔ አልለካሁትም። ቦረና ወርጄ እህቴን ስቀብር
ባዶ ነው የተውኩት። ባዶው ባዶ ይቅር።
ማነው የሞላብኝ ቢሮ ሆኖ ገምቶ፣
ያላየውን ውሃ በኔ ስም ተመክቶ?"

እዚያው፣ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ ሦስቱን ረድፍ ሰረዝኩ፤
"አልተለካም" ብዬ የራሚውን ስም ከጎኑ አስያዝኩ።

ዓሣ የምትሸጠው ሙሂባ፣ ከጀልባው ቀና ብላ፣
"ክፍት ነው ትላለህ፤ ለኔ ነው ወይስ ለሌላ?
ደጁማ ክፍት ነው፤ መንገዱን ነው ያጣሁ፤
ኔትወርክ በሳምንት፣ ጽሑፉ በፈረንጅ፣ ምኑን አነበዋለሁ?
ይልቅ ነገ ጠዋት ውሃው ስንት ይሆናል?
ታንኳዬን የት ልሰር? ያንተ ቁጥር ያውቃል?"
"አላውቅም" አልኳት። እርግጥም አላውቅም።
ያን ጥያቄ የሚይዝ ሣጥን ቅጹ የለውም።

ማታ ደሴ ገባሁ፤ ጦሳ ጉም ውስጥ ጠፍቷል።
ቅጹ እንደተውኩት፣ እንዳፈጠጠ፣ ተከፍቷል።
"ወረደ" ለሚለው፦ ያው አራት መቶ ሃምሳ ሁለት፣
(ግርጌው ላይ ጻፍኩበት፦ የኔው እጅ አለበት)።
"ለውጥ" ለሚለው፦ "ሦስት ቀን ባዶ ሆነ፣
ስህተት ነው ያለን ሰው ልክ ስለሆነ።"

ቀይ መስመር በራና "ቁጥር ብቻ" አለኝ።
ሌላ ቋንቋ አይገባውም፤
"ሦስት" አልኩት። ተቀበለኝ።