የአስረስ ድምር

ሦስት ቀን የራቀው መብራት፣ ማራኪ ሲመጣ፣
ኖዴ ዓይኑን ገለጠ፤ ዓለም ግን ጥሎት ወጣ።
ሃያ ሺህ ብሎክ ቀርቶት፣ እየቆጠረ ሲያዘግም፣
ፈንታሁን ፍላሽ ላከ፦ «ድምሩ ያውልህ፤ አትድከም።»

ጫንኩት። ባንድ ትንፋሽ፣ ከኔትወርኩ እኩል ቆመ፤
ልቤ ግን ወደ አስረስ ሱቅ፣ ሳሙና በር አዘገመ።

ከመተማ የተመለሰ ዕለት፣
ሚስቱ የዱቤውን ልክ፣ በቃሏ ስትነግረው፣
«አመንኩሽ» ብሎ እራቱን በላ፤
ስትተኛ ግን በኩራዝ፣ መዝገቡን ካንድ ጀመረው።

እኔም ድምሩን ተቀብዬ፣
ካመለጠችኝ ከፊተኛዋ፣ ብሎክ በብሎክ፣ በዝግታ፣
ቀለበቱን ስዳስስ፣ ሌሊቱን በጸጥታ፣
አሥራ አንድ ሺህ ላይ
አዘዞ ጨለመ፤
ቀጥሎ ቀሃ ማዶ፤
ቀጥሎ እጄ።