ሌላ፦ ካለ ይግለጹ

«የተሳፋሪ እርካታ» ይላል ከራስጌ፣
ከአንድ እስከ አምስት ሳጥን፣ ወርዶ እስከ ግርጌ።
ባጅ ባንገቴ አጥልቄ፣ ጃኬቴ ብርቱካን፣
ለገሃር ቆሜያለሁ፣ ላስቆም መንገደኛን።

ከላይ ከድልድዩ ባቡሩ ሲተፋ፣
የሚወርደው ሳይወርድ የሚወጣው ሲጋፋ፣
ተንቀሳቃሽ ደረጃው አይንቀሳቀስም፤
ሲሄድ አየሁ ያለ እስከ ዛሬ የለም።
ዓይኗ የደፈረሰ የሌሊት ተረኛ ነርስ
«ሦስት» ብላኝ አለፈች፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ።
የኮሜርስ ተማሪ፣ ጆሮው ላይ ገመድ ያሰረ፣
«ዋይፋይ ይኖረዋል?» ብሎኝ ተሰወረ።
ሁለት ሻንጣ የያዘች የድሬዳዋ ነጋዴ፣
«ትልቁ ባቡርማ ፉሪ ነው፤
እዚያ ለመድረስ ሌላ ባቡር ልሳፈር እንዴ?»
አለችና ሳቀች፤
አንድም አምስትም ሳትል፣
ሻንጣዋን እየጎተተች ታክሲ አሳደደች።

ከጀርባዬ አሮጌው ጣቢያ፣ በርብራብ ታጥሮ፣
ሰዓቱ አረንጓዴ መረብ ውስጥ፣ ስንት እንደሆነ ሰውሮ።
በቆርቆሮው አጥር ላይ ነገ ተለጥፏል፦
መስታወት፣ ዛፍ፣ ብርሃን፤ ወለሉ ያንጸባርቃል፤
ሰዎቹ ፈገግ እንዳሉ፣ አንዱም ጥላ የለው፣
አንዱም አልረፈደበት፣ አንዱም ዕቃ አልከበደው።

ጋሽ ደርበውን ከዚያ ሥር ነው ያገኘኋቸው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት የበሱ ጣቶቻቸው
ዛሬም አየር ይበሳሉ፣ ሳይታወቃቸው።
«ቦንዡር» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ፣ ስለሚታደሰው ጣቢያ።
«የመጠበቂያው ምቾት?»
«አምስት።»
«የመብራቱ ድምቀት?»
«አምስት።»
«የመጸዳጃው ንጽሕና?»
«እሱም አምስት፣ በይ ቀጥዪ።»
«ጋሼ፣ ገና አልተሠራም እኮ!»
«ታዲያ ላልተሠራ ነገር ምን ያሰስታል፣ ልጄ?»

ወደ ሥዕሉ ዞረው በከዘራቸው ጠቆሙ፤
«መሸኛው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠብቀው ቆሙ።
አስረዳሁ፦ በር አለ፣ ካርድ የሚያነብ፤
ካርድ ያለው ያልፋል፣ የሌለው አይቀርብ።
«ሸኚስ?»
ቅጹን ገለበጥኩ፤ ስለ ሸኚ አይልም።

«አልዋሽሽም» አሉኝ፣ «የድሮው ገነት አልነበረም፤
ሦስተኛ ማዕረግ ከፍየል ጋር፣ ትኋን ሳይከፍል ሲሳፈር፣
አዋሽ ሳንደርስ ውኃው አልቆ፣ ሞተሩ ሲያቃስት ሲያድር።
ግን ሰው የሚለያይበት አንድ ክንድ መሬት ነበረው።
እናት በመስኮት ዳቦ ታቀብላለች፣ ባቡሩ እየሄደ፤
ወንድም ይሮጣል እስከ ሜዳው ጫፍ፣ አንድ ጫማው እየከዳው።
አንዲት ልጅ ትኬት የላት፣ እጇን ብትዘረጋ፣
የባሕር ዛፍ ቅጠል በሳሁላት፤
ቅጠሏን አሳይታ ደረሰች፣ አባቷ ፉርጎ ጋ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣
«ደህና ሁን በስልክም ይባላል፤ አላጣሁትም።
እጅ ግን የት ይወዛወዛል?»

ሃያ አራተኛው ጥያቄ፦ «ሌላ፤ ካለ ይግለጹ።»
መስመሩ አንድ ጣት ነው።
«መሸኛ» ብዬ ጻፍኩ።
ጋሽ ደርበው ተቀብለውኝ፣ የወረቀቱን ጥግ
ባውራ ጣታቸው ጥፍር በሱት፣ ጠቅ! እንደ ሕግ።

ከሰዓት አለቃዬ ቅጹን ለማሽኑ አጎረሰ፤
«አላነብም» አለ ማሽኑ፣ ጥጉ ስለ ፈረሰ።
ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፦ ውድቅ።

ማታ በላይኛው ባቡር፣ በሰው መሃል ተጣብቄ፣
ክርኔን ከማላውቀው ክርን ባሳር አላቅቄ፣
ቁልቁል ወደ አጥሩ አየሁ።
ማንም የለም።
ቢሆንም እጄን አነሳሁ።