አራት ስሙኒ

ሸዋ በር፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ጉሙ ጦሳን ሳይለቅ፣
«ምኗን ነው ያመማት?» አለኝ ጋሽ አሊጋዝ፣ ሳይስቅ።
«ፊቷን» አልኩት፣ «ደርቃብኛለች፤ ጠጠር ስትነካ ትዘላለች፤
ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ አትሰምጥም፤ እጄን ታንቀጠቅጣለች።
አልቡኮ ስደርስ ክንዴ የኔ አይደለም፤
ሦስት ብልቃጥ ክትባት ተሰብሯል፤ አራተኛው አይተርፍም።»

መልስ የለውም። ከማቆሚያዋ አወረደ፣
የፊት ፍሬኗን ጨብጦ በደረቱ ወደ መሬት ሰደደ፤
አንዴ። ሁለቴ። ጆሮውን ለአሞርዛተሩ አስጠግቶ
የዘይቱን ትንፋሽ ሰማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆይቶ።

«ተቀመጪባት» አለኝ። «የበረዶ ሣጥኑን ጫኚ፤
ቦት ጫማሽን፣ ሄልሜትሽን፤ ለመንገድ እንደምትሆኚው ሁኚ።»
ቀይ ክር አሰረ በእግሯ ላይ፣ የሚያበራውን ብረት ወገቡን፤
በሜትር ለካ፣ በጣቱም ለካ፣ ነቀነቀ ራሱን።
«ሦስት ጣት መውረድ ነበረባት፤
አንቺ ስትቀመጪ ምንም አልመሰላት፤
ዝንብ ነው ያረፈባት።»

የአናቷን ክዳን ፈታ፣ በጨርቅ ጨብጦ፣ ቀስ አድርጎ፤
ሞላ ታምቆ የኖረ ነው፣ ይዘላል መውጫ ፈልጎ።
ከክዳኑ ሥር፣ ከሞላው አናት፣ ዘይት ጠጥተው የጠቆሩ፣
ከቀኙ ሁለት ስሙኒ፣ ከግራውም ሁለት ነበሩ።

ሳቅሁ። «ለካ ባንክ ኖሯል የምነዳው?»
እሱ አልሳቀም፤ አንዷን በሸሚዙ ጠረጋት፣ እስኪገለጥ አንበሳው።
«ይሄ የበለጠ ክብደት ነው» አለኝ።
ከኔ የበለጠ ያለ መሰለኝ።
ስም ነበር።

በለጠ፣ ከኔ በፊት የነበረው፤ መቶ ኪሎ ከነቦቱ፤
ላም አማጠች ብለው ከጠሩት የማይገደው ሌሊቱ።
ፊቷ እየሰመጠ ሲያስቸግረው፣ መለዋወጫም ስለሌለ፣
ከኪሱ ስሙኒ አወጣ፣ ሞላውን ጫነበት፣ «ይበቃል» አለ።

«ያን ጥቅምት፣ ከተማው ሁሉ ሐረጎን ሲወርድ በእግሩ፣
እሷ የፊት እግሯ ተፈትቶ፣ ጎማዋ ወድቆ ከበሩ፣
ግንድ ላይ ተደግፋ ነበረች። እግሮቿን በማዳበሪያ ጠቅልዬ
ከኮርኒሱ በላይ ሸሸግኋቸው፤ እኔም ወጣሁ፣ ሱቄን ጥዬ።
ስመለስ ፒንሳ የለ፣ ቺያቤ የለ፣ ጄኔሬተሩም ሄዷል፤
እሷ ግን እንዳለች አለች። እግር የሌላት ሞተር ማን ይነዳል?»

«በለጠስ?» አልኩት።
ከቦርሳዬ አንድ የከብት መርፌ ወሰደ፤
ዘይቱን ቀዳ፤ ግራና ቀኙን እኩል ለካ፤
ሌላ ምንም ነገር አልነካ።
ከቆየ በኋላ፣ ለኔ ሳይሆን ለሞላው፦
«ስገጥማት መልሼ ከተትኳቸው። ይመጣል ብዬ ነው።»

ቦታውን ባዶ አልተወውም፤ አንዳንድ ቀጭን ሮንዴላ አስገባ።
«ተቀመጪ።» ሦስት ጣት ወረደች። «አሁን ልኩ ገባ።»
ስሙኒዎቹን በመዳፌ አኖራቸው፣ ጣቶቼን አጠፈልኝ፤
ስንት ልክፈል ብለው ጊዜ በእጁ ሂጂ አለኝ።

ሐረጎ። ኮምቦልቻ ከታች፣ በፀሐይ፣ ጣሪያዋ ሲያብረቀርቅ።
ፍሬን ስይዝ እንደ ሩኩዕ ዝቅ፤
ስለቀው ቀና፣ ሳትቸኩል።
ከአስፋልቱ ወጥቼ ኮረቱን ያዝሁ፤
ድንጋዩ እጄ ድረስ አልመጣም፣ መንገድ ላይ ቀረ፤
ከኋላዬ ብልቃጥ ከብልቃጥ አልተነጋገረ።

በኪሴ ግን አራቱ በየኩርባው ይንሿሿሉ።
አራት ስሙኒ አንድ ብር ነው፤ አንድ ብር ዛሬ ምን ይገዛል?
ዓመት ሙሉ ደረቅሽብኝ እያልኩ የሰደብኳት፣
ደርቃ አልነበረም፤
የሌለ ሰው ተሸክማ ነበር።

አልቡኮ ጥጆቹን አሰልፈው ጠበቁኝ።
ብልቃጦቹን ቆጠርኩ። ሙሉ ናቸው።
አንዱ መርፌ ግን የአሞርዛተር ዘይት ይሸታል፤
አልጣልኩትም፣
ለብቻው ጠቀለልኩት፤ ከስሙኒዎቹ ጋር።