የማክሰኞ ሰው

ማሊያ አጣቢ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፣
ከስታዲየሙ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ የላብ ሽታ የለመደኝ።
ቅዳሜ የሚበራውን፣ በጀርባው ስም ያለውን
ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ይሸጣል በየሱቁ፤
የማክሰኞውን ማሊያ ግን፣ ያን ስም የለሹን፣
ከእኔና ከሳሙና በቀር የሉም የሚያውቁ።

ሌላንድ ኩዴራን ማንም አልጠራውም፤
አሰልጣኝ ቤቱ ድረስ ሄዶ እናቱን አላግባባም፣
እሱም በካሜራ ፊት ኮፍያ መርጦ አላጠለቀም።
ከነብራስካ ምዕራብ፣ ከበቆሎ ጎተራ ጥግ፣
በአባቱ ፒካፕ መጣ፣ ፍሬኑ እየጮኸበት፤
ለሙከራው ሲሰለፍ ስሙን አጣመው ጻፉት፤
አላረማቸውም።
ሜዳው እንዳይዘጋበት።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት»
እያለ ያሾፋል ተረት።
ተረት ምን ያውቃል? የራስ ቁር አጥልቆ አያውቅ፤
አቤት ባዩ ባይኖር፣ ቅዳሜ ላይ የሚደምቅ
ያ ሁሉ ጀግና፣
ማንን ጥሎ ይማራል በሳምንቱ ጎዳና?

ሰኞ ጠዋት ይመጣል፣ ከሱፐርማርኬት ጭነት አውርዶ፣
የትምህርት ቤት ክፍያው ከዚያ ነው የሚገኝ፤
በካርቶን ትቢያ በነጣ እጁ በሩን ደገፍ ብሎ፣
«ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ?»

ወረቀቱን አያለሁ፤ «ሃምሳ አራት» እለዋለሁ፤
ከነጭ ፕላስተር ቆርጬ ጀርባው ላይ እለጥፋለሁ።
ባለፈው ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ በፊት ሠላሳ ሦስት፤
የባላንጣችን ኮከብ ሁሉ በእሱ ገላ ነው የሚሠራ፤
ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ ያያል፣ የዚያን ሰው እግር ያጠናል፣
መቼ እንደሚያጎነብስ፣ መቼ እንደሚዞር ወደ ግራ።

ማክሰኞ ሌላንድ የለም።
ሃምሳ አራት ቁጥር ነው ከሜዳው መሃል የሚቆም።
ታቪዮን ብሬሸርስ፣ መቶ አርባ ኪሎ፣
ያ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው፣
ይገፋዋል፣ ያነጥፈዋል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይጥለዋል፤
«ድገሙ!» ይላል አሰልጣኙ።
ይደግማሉ።
ማታ ማሊያው እኔ ዘንድ ሲመጣ፣
ሣሩ ከክሩ ጋር ተሸምኖ፣ በጣቴ ነው የማወጣ።

በሜዳችን ስንጫወት አባቱ ሁለት መቶ ማይል ይነዳል፣
ልጁን ቆሞ ለማየት። ቆሞ ብቻ።
በዚያ ሳምንት ግን ጨዋታው ከሜዳችን ውጭ ነበር፤
አውቶቡሱ ላይ ወንበር አልነበረም ለስሙ፣
እኔ ዘንድ ወረደ፤ ፎጣ ማጠፍ ያዝን፣
ሬዲዮው ሲንጫጫ ከማድረቂያው ጋር ከነድምፁ።
«አሁን ወደ ግራ ይመጣል» አለ፣ ጨርቁን ሳይለቅ፤
ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮው ጮኸ፦ «ሃምሳ አራት! በግራ!»
«አሁን ያስመስላል፣ አይመጣም።» አልመጣም።
እንዲህ እያለ አራቱንም ሩብ
እሱ ቀድሞ ተጫወተ፣ ሬዲዮው ተከተለ፤
አሸነፍን። ፎጣውን ደርድሮ ሄደ፤ ምንም አላለ።

እሑድ ታቪዮን ቦርሳውን ሊጥል መጣ፤
ከንፈሩ አብጧል፣ ከደስታው ጋር ድካም።
«ያ ሃምሳ አራት፣» አለኝ፣ «ያ የተባለለት…
እንደ ኩዴራ አይመታም።»

ሰኞ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።
እሱ ግን በሩን ደገፍ ብሎ፣ እጁ በትቢያ እንደነጣ፣
«ዛሬስ ማን ነኝ?» አለ።
«ሃያ አንድ» አልኩና ፕላስተሩን ቆረጥኩ።
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ እኔ ንግግር አላውቅ።

ከማሊያው አንገትጌ ውስጥ ግን፣ ማንም በማያየው፣
በማይለቅ ቀለም «ኩዴራ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ፊደሉን ሳላጣምም።
እጥበት ላይ እንዳይጠፋ ነው።
ለሌላ አይደለም።